በሁለት ብረቶች መካከል የጠፋችው ድምፅ

አንድ ጊታር ተጫዋች ነበር። ስሙ ኢዮስያስ ይባላል። ባሕር ማዶ ሄዶ ክላሲካል ጊታር ለዓመታት ተማረ። ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ፣ እርጅና ጣታቸውን የያዘባቸው መምህሩ የገዛ ጊታራቸውን ሰጥተው ሸኙት። ኢዮስያስ ያንን ጊታር እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀው ነበር። ዝናብ መንገድ ላይ ከያዘው ጃኬቱን አውልቆ ጊታሩን ያለብሳል፤ እሱ ራሱ ቢበሰብስ ግድ የለውም።

ወደ አገሩ የተመለሰው አንድ ሐሳብ ይዞ ነው። ጊታር፣ ቫዮሊን፣ ቼሎና ማሲንቆ አንድ ላይ አስቀምጦ፣ ከስፔንም፣ ከአርመንም፣ ከማሊም፣ ከራሱ አገርም ዜማ እየለቀመ፣ አራት ሰው ብቻ የሚጫወተው ሙዚቃ መሥራት ፈለገ። ለቫዮሊን ረድኤት የምትባል፣ የመጣላትን ከመናገር የማትመለስ ሴት አገኘ። ለቼሎ በቀን አሥር ቃል ከተናገረ ብዙ የሚባል ዝምተኛ ሰው አገኘ። ማሲንቆው ላይ ግን ፍለጋው ረዘመ። በመጨረሻ ጋሽ ደምለው የሚባሉ፣ በየሰርጉና በየጠጅ ቤቱ ሲጫወቱ ያረጁ ሽማግሌ ተገኙ።

የመጀመሪያው ልምምድ ላይ ጋሽ ደምለው ማሲንቋቸውን ከጨርቅ ፈተው፣ ግራና ቀኝ አዩና፣

«እስቲ፣ ዘፋኙ ማን ነው? ድምፁን ያሰማኝና በሱ ልቃኝ» አሉ።

«ዘፋኝ የለንም ጋሼ» አለ ኢዮስያስ። «እኛ የምንቃኘው በጊታሩ ነው።»

«በጊታሩ? ይሁን» አሉ ጋሽ ደምለው። ክርክር የማይወዱ ሰው ነበሩ።

ሙዚቃ ውስጥ ላልገባ አንባቢ ነገሩን ላስረዳ። የጊታር አንገት ላይ ቀጫጭን ብረቶች በአግድም ተተክለዋል። ተጫዋቹ ጣቱን ከብረቱ ኋላ ሲያሳርፍ ድምፁ ተቆርጦ የተሰጠ ነው፤ ከአንዱ ብረት ወደ ሌላው ይሻገራል እንጂ መካከላቸው ላይ መቆም አይችልም። ማሲንቆ ግን ያላት አንድ የፈረስ ጭራ ብቻ ነው። አንገቷ ላይ ብረት የለ፣ ምልክት የለ። ጣት ጭራዋን የት እንደሚነካት የሚነግረው ጆሮ ነው። ቫዮሊንና ቼሎም እንዲሁ አንገታቸው ባዶ ነው።

ስለዚህ ኢዮስያስ ለጓደኞቹ እንዲህ አላቸው፦ «እኔ ካለሁበት መነቃነቅ አልችልም፤ እናንተ ትችላላችሁ። እናንተ ወደ እኔ ኑ።» እውነቱን ነው። ማንም አልተቃወመውም። እኔም እዚያ ብኖር የምቃወመው አይመስለኝም።

ሥራው መልክ እየያዘ ሲመጣ ጋሽ ደምለው አንድ ዘፈን ይዘው መጡ። እናታቸው ጥጥ ሲፈትሉ የሚያዜሙት ነው። እናትየው ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ዘፈኑን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ቀርተዋል፤ አንዱ ጋሽ ደምለው፣ ሌላዋ ገጠር የሚኖሩት ታላቅ እህታቸው እትዬ አልጋነሽ። ጋሽ ደምለው ዘፈኑን ብቻቸውን ሲጫወቱት ረድኤት ቀስቷን አስቀምጣ አዳመጠች። ዝምተኛው ባለ ቼሎ እንኳ «ኧረ!» አለ።

በዚያ ዘፈን ሁለተኛ ስንኝ መጨረሻ ላይ አንዲት ድምፅ አለች። ትንሽ ከፍ ብትል ዘፈኑ ደስታ ይሆናል፤ ትንሽ ዝቅ ብትል ለቅሶ ይሆናል። እናትየው የሚያስቀምጧት ግን መሐል ላይ ነበር፤ ሰሚው ይሳቅ ወይስ ያልቅስ ሳይለይለት። በጊታሩ አንገት ላይ ያቺ ድምፅ የምትውለው በሁለት ብረቶች መካከል ነው። ማለትም የለችም።

አራቱም አብረው ሲጫወቱ እዚያች ቦታ ላይ ሲደርሱ ጊታሩና ማሲንቆው ተጋጩ።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ዝቅ አሉ መሰለኝ» አለ ኢዮስያስ።

«ዝቅ አላልኩም ልጄ። ቦታዋ እዚህ ነው።»

«ጊታሩ ላይ እኮ እንዲህ ያለች ድምፅ የለችም።»

«እሱማ ያንተ ጊታር ጉዳይ ነው» አሉና ሳቁ።

ኢዮስያስም ሳቀ። ግን በሚቀጥለው ሳምንት አነሳው፤ ከዚያም በሚቀጥለው። በሦስተኛው ሳምንት ጋሽ ደምለው «እሺ፣ ላንተ ስል» አሉና ድምፅዋን ወደ ላይኛው ብረት ከፍ አደረጉለት። ጣታቸው የቀድሞ ልማዱን አልተው ብሎ ሲያስቸግራቸው፣ ኢዮስያስ ፈቃድ ጠይቆ ማሲንቆው አንገት ላይ በነጭ ፕላስተር ምልክት አደረገላቸው።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ለጊዜው ነው» አለ።

ፕላስተሩ ዓመት ቆየ።

እዚህ ላይ ኢዮስያስን ክፉ ሰው አድርጋችሁ እንዳትቀርጹት። ጋሽ ደምለው ሲመጡ ከወንበሩ ተነስቶ የሚቀበል፣ ሻንጣቸውን የሚሸከም፣ ሲታመሙ ቤታቸው ሄዶ የሚጠይቅ ሰው ነው። በየመድረኩም «የቡድናችን አባት» እያለ ነበር የሚያስተዋውቃቸው። አባት ተብለው ነው እንግዲህ ያ ፕላስተር የተለጠፈባቸው።

ከዓመት በኋላ አንድ ትልቅ አዳራሽ ጋበዛቸው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። እትዬ አልጋነሽ የእናታቸው ዘፈን በከተማ አዳራሽ ሊሰማ ነው ሲባሉ ቀን ሙሉ በአውቶብስ ተጉዘው መጡ። የእናታቸው አርባ ከወጣ ወዲህ ያንን ዘፈን ከሌላ ሰው አንድም ቀን ሰምተውት አያውቁም። ከፊት ረድፍ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዓይናቸውን ከወንድማቸው ላይ ሳይነቅሉ አዳመጡ።

ስምንት ዜማ ተጫወቱ። የእናትየው ዘፈን አራተኛው ነበር። ሲያልቅ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ፤ ሌሎቹ ሰባቱ ላይ ማንም አልቆመም።

ዝግጅቱ አብቅቶ ሰው ሲበተን ኢዮስያስ ጎንበስ ብሎ እትዬ አልጋነሽን ሳማቸው።

«እትዬ፣ እንዴት ነበር?»

«እሰይ ልጄ! እጃችሁ ይባረክ። ሁሉም ያምራል፤ ምን ይወጣለታል!» አሉ። ከዚያ ወደ ወንድማቸው ዞር ብለው፣ ሰው እንዳይሰማቸው ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፣ «ደምልዬ፣ የእማዬንስ ሳትጫወቱት ቀራችሁ? ሰዓት አጠረባችሁ እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

ጋሽ ደምለው ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ተጫወትነው እኮ እታለም» አሉ።

«የቱ ነው?»

«አራተኛው። ሰው የቆመለት።»

እትዬ አልጋነሽ ትንሽ አሰቡ። ሴትዮዋ ሰውን ማስቀየም አይወዱም። «እሱ ነው? እሱማ ያምራል» አሉ። «እኔ የሌላ አገር መስሎኝ።»

ጋሽ ደምለው «ቆይ፣ ቆይ ላሰማሽ» ብለው እዚያው ኮሪደር ላይ ሰው የተነሳበት ወንበር ላይ ተቀመጡና ማሲንቋቸውን አነሱ። መጫወት ጀመሩ። ሁለተኛው ስንኝ መጨረሻ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ነጩ ፕላስተር ላይ አረፈ። አቋረጡ። ፕላስተሩን በጥፍራቸው ልጠው ጣሉትና እንደገና ጀመሩ። ጣታቸው ፕላስተሩ የነበረበት ቦታ ሄዶ አረፈ። ሦስተኛ ሞከሩ፤ ያው ነው። እትዬ አልጋነሽ ሊያግዟቸው ብለው ቀስ ብለው አዜሙላቸው። ጋሽ ደምለው ያቺን ድምፅ ሰሟት፤ ልዩነቷንም ለዩ። ጣታቸው ግን አልሄደላቸውም።

«ረሳሁት» አሉ። «አልጋነሽ፣ የእማዬን ረሳሁት።»

ማሲንቋቸውን በጨርቁ ጠቀለሉ፣ የእህታቸውን እጅ ያዙና ወጡ። በሚቀጥለው ሳምንት ልምምድ ላይ አልመጡም። በዚያኛውም ሳምንት አልመጡም።

ኢዮስያስን መጀመሪያ የተሰማው ንዴት ነበር። አዳራሽ ሙሉ ሰው ቆሞ ያጨበጨበለትን ነገር አንዲት ባልቴት ስላላወቁት ሥራው ይፈርሳል እንዴ?

«ለአንዲት ድምፅ ብለው ነው የሚቀሩት?» አለ፣ ባዶውን ወንበር እያየ። «አንዲት ድምፅ!»

«አንዲት ብቻ ከሆነች» አለች ረድኤት፣ «አንተ ለምን አልተውክላቸውም?»

«እኔ ስለማልችል ነዋ! ብረቱ ተተክሏል። እነሱ ይችላሉ፣ አንቺም ትችያለሽ፤ ምን ችግር አለው?»

«እንችላለን። ስለቻልን እንመጣልሃለን። ዓመት ሙሉ መጣንልህ። ግን አንድ ቀን እንኳ ዞር ብለህ ‹ከየት ነው የመጣችሁት?› ብለህ ጠይቀኸናል?»

ኢዮስያስ ድጋፍ ፍለጋ ወደ ባለ ቼሎው ዞረ። ዝምተኛው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔም አንዳንዴ ጆሮዬን እያመመኝ ነው የምመጣው» አለ። የዚያን ቀን ሌላ ቃል አልተናገረም፤ ደግሞም አላስፈለገም።

በማግስቱ ኢዮስያስ ጊታሩን ይዞ ጋሽ ደምለው ቤት ሄደ። ማሲንቆው ግድግዳ ላይ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ጋሽ ደምለው ሰላምታውን በደንብ መለሱለት፤ ወንበርም ሰጡት። ስለ ልምምዱ ግን ምንም አላነሱም። «ልረፍ ብዬ ነው» ብቻ አሉትና ወደ ጓሮ ወጡ።

እትዬ አልጋነሽ ወንድማቸውን እንዲህ ሆነው ትተዋቸው መሄድ አቅቷቸው አገራቸው አልተመለሱም ነበር። ኢዮስያስ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ያንን ዘፈን ያዜሙልኝ።»

አዜሙለት። እሱ ጊታሩ ላይ ድምፅዋን ይፈልግ ጀመር። አንዱን ብረት ነካ፤ «አይደለችም» አሉት። ቀጣዩን ነካ፤ «አሁን ደግሞ አልፈሃት ሄድክ» አሉት። ጅማቱን ወደ ጎን ገፋ፤ ድምፁ ተንቀጠቀጠ። «ታማለች እንዴ?» አሉ እትዬ አልጋነሽ። ዓመት ሙሉ እንደ ስህተት ሲቆጥራት የኖረውን ድምፅ ኢዮስያስ ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ ብሎ ሰማት። ስህተት አልነበረችም። እሱ ቤት ውስጥ ቦታ ያልተሰጣት ድምፅ ናት። ይህን ሲረዳ አፈረ፤ በጣም አፈረ።

ብዙ ተቀምጦ አሰበና፣ «እትዬ፣ ነገ አንድ ቦታ አብረን ብንሄድ ይፈቅዳሉ?» አለ።

በማግስቱ የሙዚቃ መሣሪያ የሚጠግን አንድ አናጢ ዘንድ ወሰዳቸው። አናጢው ጊታሩን ተቀብሎ፣ እንጨቱን አሸትቶ፣ በብርሃን አገላብጦ አየና «ዕድለኛ ነህ» አለ። «ምኑ ነው የሚሠራው?»

«ይህችን ብረት ንቀልልኝ» አለ ኢዮስያስ በጣቱ እያሳየ። «ነቅለህ ወደ ጊታሩ ራስ በኩል ትንሽ ጠጋ አድርገህ ትከልልኝ።»

አናጢው የሚያሾፍ መስሎት ሳቀ። እንደማያሾፍ ሲያውቅ ጊታሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ይህችን ካነሳሁልህ የተማርከው ሙዚቃ ግማሹ ይበላሽብሃል። ስድስቱም ጅማት ላይ ነው ድምፁ የሚበላሸው። ጠባሳው አይጠፋም። ይገባሃል?»

«ይገባኛል። እዚያች ቦታ ስደርስ በሌላ በኩል እዞራለሁ።»

«ካልቻልክስ?»

«እነሱ ዓመት ሙሉ ሲዞሩልኝ ችለው የለም?» አለ ኢዮስያስ።

ለእትዬ አልጋነሽ በርጩማ ቀረበላቸው። የእንጨት ፍቅፋቂ መሐል ተቀምጠው አዜሙ። ሁለተኛው ስንኝ መጨረሻ ላይ ሲደርሱ ድምፅዋን ይዘው ይቆያሉ፤ አናጢው ቁራጭ ብረት በአንገቱ ላይ ቀስ እያለ ያንሸራትታል፤ ኢዮስያስ ጅማቱን ይመታል። «ወዲህ... ትንሽ ወዲህ... ኧረ አለፍካት! መለስ በል... እ! እዚያው ተዋት።» አናጢው በእርሳስ ምልክት አደረገ። ከቀድሞው ቦታ የግማሽ ጣት ስፋት ያህል ብትርቅ ነው።

ብረቱ ሲነቀል እንጨቱ ቀጭ የሚል ድምፅ አሰማ። ኢዮስያስ ፊቱን አዞረ። መምህሩ ታወሱት። ያንን ጊታር ሲሰጡት ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ጠብቀው»። ታዘዛቸው ወይስ ከዳቸው? በዚያች ሰዓት አላወቀም። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እትዬ አልጋነሽ አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ኢዮስያስ፣ ረድኤትና ባለ ቼሎው ተያይዘው ጋሽ ደምለው ቤት ሄዱ። እትዬ አልጋነሽ ግቢው ውስጥ ምስር ይለቅማሉ። ጋሽ ደምለው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ኢዮስያስ ብዙ አላወራም። ጊታሩን አወጣና የእናታቸውን ዘፈን ብቻውን መጫወት ጀመረ።

ሁለተኛው ስንኝ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ጋሽ ደምለው ቀና አሉ።

«ምን አልክ?»

ኢዮስያስ እጁን ከጅማቱ ላይ አነሳ።

«ድገማት» አሉ።

ደገማት። ጋሽ ደምለው ተነስተው መጡና የጊታሩን አንገት አዩት። ቀድሞ ብረቷ የነበረችበትን፣ አሁን በእንጨት የተደፈነውን ቀጭን ጠባሳ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «መምህርህ የሰጡህን?» አሉ። «መምህርህ የሰጡህን ጊታር?» ሌላ ምንም አላሉም። ቤት ገብተው ማሲንቋቸውን ከምስማሩ አወረዱ።

አራቱም ጀመሩ። የመጀመሪያው ዙር ላይ የጋሽ ደምለው ጣት እንደ ለመደው ከፍ ብላ አረፈች፤ አሁን ግን ከጊታሩ ጋር ተጋጨች። ሁለተኛው ዙር ላይም ተጋጨች። ኢዮስያስ አላቆመም፤ ዝም ብሎ ያቺን ድምፅ ቦታዋ ላይ እየጠበቀላቸው ይደጋግማታል። በሦስተኛው ዙር ጋሽ ደምለው ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ጆሯቸውን ወደ ጊታሩ አዘነበሉ። ጣታቸው ወረደች። አረፈች።

እትዬ አልጋነሽ ከምስራቸው ላይ ቀና ብለው፣

«ይኸውና!» አሉ። «አሁን የእማዬን ጀመራችሁ።»

ኢዮስያስ ያንን ጊታር ዛሬም ይጫወትበታል። አንዳንድ የስፔን ዜማዎች ላይ ያቺ ብረት ታስቸግረዋለች፤ በሌላ ጅማት ዞሮ ይደርሳል፣ ሳይደርስ የሚቀርበትም ጊዜ አለ። ጆሮው ስል የሆነ አድማጭ «ጊታርህ ምን ሆነ?» ሲለው፣ «እሱም ሰው ቤት መሄድ ጀመረ» ይለዋል። ለመምህሩ የሆነውን ሁሉ ጽፎ ላከላቸው። መልሳቸው እስካሁን አልደረሰውም።

እንግዲህ ታሪኩ ይኸው ነው። እኔን ያስተማረኝን ልናገር። በየቤታችን፣ በየመሥሪያ ቤታችን፣ በየጓደኝነታችን መሐል «እሷ ትችለዋለች»፣ «እሱ አይከፋውም» የምንለው ሰው አለ። ስለሚችል እንጠራዋለን፤ ስለሚወደን ይመጣል። ብዙ ጊዜ ከመጣልን ግን የመጣበት መንገድ ይጠፋበታል። «ተመለስ፣ እኮ ማን ከለከለህ?» ብንለው አይበቃም፤ ብቻውን አይመለስም። ሄዶ ማምጣት ያለበት ያ የመጣለት ሰው ነው። ለመሄድ ደግሞ የማይነቃነቅ መስሎት የኖረውን አንድ ነገር ከራሱ ላይ መንቀል አለበት። ያማል፣ ጠባሳም ይተዋል።

ይህን ያነበባችሁ፣ ከማጨብጨባችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ በእናንተ ቤት ሁልጊዜ ከፍ ወይም ዝቅ የሚልላችሁ ማን ነው? ለእናንተ ሲል የተዋት ድምፅ የትኛዋ ናት?

ምናልባት ያ ሰው እናንተ ራሳችሁ ከሆናችሁ ደግሞ፣ ያቺን ድምፅ ሳትረሷት ዛሬውኑ ለአንድ ሰው አዚሙለት።